በፈረንጅ ክረምት የሚመጡ መንገደኞችና የጣና ዳር ንግድ



እኛ በጋ የምንላቸውን ወራት ፈረንጆች ክረምት ይሏቸዋል። ነገሩ የስም መለያየት ብቻ ቢመስልም ከባሕር ማዶ ጋራ በሚጻጻፍ ነጋዴ ቤት ውስጥ ስሕተት ያመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውሮጳ የተላከ አንድ ደብዳቤ ለአለቃዬ ሳነብላቸው፣ «በክረምት የምንልካቸው እንግዶች» የሚለውን ቃል እንዳለ ብተረጕምላቸው፣ «በሐምሌ ዝናብ ጣና ላይ ማን ይወጣል? ይህ ሰው አገራችንን አያውቅም» ብለው ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉት። ደብዳቤው የሚናገረው ግን ስለ ታኅሣሥና ስለ ጥር ነበር። ለዚህች ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝም ያ ደብዳቤ ነው።

በእነዚህ ወራት በሰሜን አውሮጳ ቀኑ አጭር፣ ብርዱም ከባድ ስለሚሆን ገንዘብ ያለው ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይወጣል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የመርከብ ኩባንያ መርከቦቹን በክረምታቸው ወደ ካሪብ ባሕር ልኮ፣ መንገደኞቹን በኮንትራት አይሮፕላን ወደ ባርቤዶስ ደሴት ያደርሳል። መንገደኛው ወደ ለንደን መውረድ ሳያስፈልገው፣ ማንቸስተርን በመሰለ በአቅራቢያው ባለ አይሮፕላን ማረፊያ ተሳፍሮ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት በርሮ በዚያው ዕለት መርከቡ ውስጥ ይተኛል። መርከቡም በአንድ ቀን የቆዩትን አውርዶ አዲሶቹን ይቀበላል፤ ለወጥ ቤቱም ስንቁን ይሞላል።

የኮንትራት አይሮፕላን ሒሳብ ከኮንትራት ታክሲ ሒሳብ አይለይም። ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም ተከራዩ የሙሉውን ዋጋ ይከፍላል፤ ኪሳራውንም ራሱ ይሸከማል። ትርፍ የሚገኘው አይሮፕላኑ አዲሶቹን አውርዶ የጨረሱትን ጭኖ ሲመለስ ነው። ነገር ግን በወራቱ መጀመሪያ የሄደው አይሮፕላን ሲመለስ፣ በመጨረሻ የሚሄደውም እንግዶቹን ለማምጣት ሲነሣ ባዶውን ነው። የእነዚህ የሁለቱ ባዶ ጉዞዎች ዋጋ በሌሎቹ ቲኬቶች ላይ ስለሚከፋፈል፣ የጉብኝቱ ወራት ባጠረ ቁጥር ቲኬቱ ይወደዳል። ወደ መተማ ባዶውን ሄዶ ሰሊጥ ጭኖ የሚመለስ የጭነት መኪና ባለቤት ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

በአይሮፕላን የመጣን እንግዳ በጀልባ ማሳፈር ለባሕር ዳር አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ የአገር ውስጥ መሥመሮቹንም እያስፋፋ ሄደ። በ1950ዎቹም ዓመታት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው ጥሪ በዓለም ላይ ሲነገር፣ ባሕር ዳርን፣ ጐንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው ታሪካዊ መሥመር በዲሲ 3 አይሮፕላኖች ይሠራ ነበር። አለቃዬ በልጅነታቸው የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ከጓደኞቻቸው ጋራ ወደ ሜዳው ይሮጡ እንደ ነበር ሲያጫውቱኝ፣ የዛሬው ሒሳብ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይረሳቸዋል።

እነሆ አሁን በየስብሰባው፣ «ከአውሮጳ የሚነሣው አይሮፕላን በቀጥታ ባሕር ዳር ይረፍ» የሚል ሐሳብ እሰማለሁ። ሐሳቡን አልነቅፍም፤ ይሁን እንጂ የከፍታውን ነገር ዘንግተን መነጋገር አይገባንም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የሞተሩ ጕልበትና የክንፉ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል። ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ የጫነ ትልቅ አይሮፕላን ከዚህ ሲነሣ ሸክሙን መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን በመንገዱ ላይ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ፣ ሲመለስ ግን ያለ ማቋረጥ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ለጊዜው የሚያዋጣው እንግዳው አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከዚያ ሰባ ሰው ያህል በሚይዘው ዳሽ 8 ተሳፍሮ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ እኛ መምጣቱ ይመስለኛል። በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዝ ይሻላል።

ሰባው ሰው ወርዶ ወደ ሐይቁ ዳር ሲደርስ የእኛ ሥራ ይጀምራል። አብዛኞቹ የጉብኝት ጀልባዎች ከአሥር እስከ ሃያ ሰው የሚይዙ በመሆናቸው ለአንድ አይሮፕላን መንገደኛ ከአራት የማያንሱ ጀልባዎች በአንድ ጧት መዘጋጀት አለባቸው። ጧት ማለቴ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚያስቸግር ነው። ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ተሂዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይታያል፤ የዘጌ ቡናም እዚያው ከጥላው ሥር ይሸጣል። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴቶች አይገቡም። ይህ በደብዳቤ አስቀድሞ ካልተገለጸ ወደቡ ላይ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ አንዲት ሴት እንግዳ ከፍለው ከመጡ በኋላ ይህን ሰምተው ከጀልባው አልወርድም ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም።

የጢስ ዓባይም ነገር እንዲሁ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ወንዙ ራሱ ስለሚቀንስ፣ ከውኃውም ብዙው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚዞር፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ስለሚቀዳ፣ እንግዳው በሥዕል ያየውን አያገኝም። የሞላውን ፏፏቴ ፎቶግራፍ ለጥር እንግዳ ልኮ መሸጥ እኔ እንደ ማታለል እቈጥረዋለሁ። ይልቅስ በጥር 11 የጐንደርን ጥምቀት ማሳየት የሚቻልበት ወር መሆኑን መጻፍ ይበቃል።

ለዕቃ አስመጪዎች አንድ ነገር ላንሣ። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የጀልባ ሞተር መዘውር ስለሚይዝ መለዋወጫ በብዛት ይጠየቃል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬትም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና የተነሣችው፣ ከመቶ ሰው በላይ የምትይዘው ጣናነሽ 2 መርከብ የትንንሾቹን ጀልባዎች ገበያ ትወስዳለች ብለው የሚሠጉ ባለጀልባዎች አሉ። እኔ ግን በደሴቶቹ ጠባብ መውረጃዎች ትንንሾቹ ሥራ አያጡም እላለሁ።

ጅቡቲን ካነሣሁ ዘንድ፣ ባሕር ዳርና ጅቡቲ በአንድ ኬክሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በሰማይ የሚለያያቸውም ከ600 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነው። በቀይ ባሕር የሚያልፍ የጉብኝት መርከብ ጅቡቲ ሲቆም መንገደኞቹን በኮንትራት አይሮፕላን ለሁለት ቀን ወደ ጣና ማምጣት ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ ጥቃት ስለ ደረሰ ታላላቆቹ የመንገደኛ መርከብ ኩባንያዎች መንገዳቸውን ለወጡ። በክልላችንም በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ተነሥቶ በነሐሴ በረራው ለጊዜው ተቋርጦ ነበር፤ የውጭ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደዚህ እንዳይመጡ ማስጠንቀቂያ አወጡ። መንግሥት አትሂድ ወዳለው ስፍራ ለሚሄድ መንገደኛ የመድን ድርጅት ብዙ ጊዜ ካሣ አይከፍልም፤ መድን ከሌለ ደግሞ የጉዞ ወኪል አይሮፕላን አይከራይም። ሰላም ለጣና ዳር ባለሱቅ እንደ መብራትና እንደ ውኃ የዕለት ፍላጎት መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። አለቃዬ ነገሩ ከገባቸው በኋላ ተስማምተው፣ እንግዶቹ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እንዲመጡ ተቈረጠ፤ ስልሳ ሰዎች ነበሩ። የዘጌ ቡና ተገዝቶ በግማሽ ኪሎ ታሸገ፤ መሶብ ለሚሰፉ ሴቶች ገንዘብ ተከፈለ፤ ለባለጀልባዎችም ቀብድ ሰጠን። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ እንግዶቹም ቀሩ። እኛ ለሁሉ ቀብድ ስንሰጥ ከወኪሉ ቀብድ አልተቀበልንም ነበር። የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ቡናው በገበያ ዋጋ በታች ተሸጠ፤ ከመሶቦቹ አሥራ አንዱ ዛሬም መጋዘን ውስጥ አሉ።

በዚህ ወር ከሌላ ወኪል ስለ መጪው ጥር የሚጠይቅ ደብዳቤ ደርሶናል። አለቃዬ ከዋጋው ሦስተኛው እጅ አስቀድሞ በባንክ እንዲገባ፣ የሴቶቹም ቍጥር ተለይቶ እንዲጻፍልን እንዳሳውቅ አዘዙኝና ጽፌ ልኬያለሁ። መልሱን እየጠበቅን ነው።