ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጥ የእንቅስቃሴ ሕክምና

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ወይም በአፈጣጠሩ ሲጓደል የሚከሰት፣ በእንቅስቃሴና በሰውነት አቋም ላይ ዘላቂ እክል የሚያስከትል ሁኔታ ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የኦክስጅን እጥረት፣ ያለጊዜ መወለድ፣ በወቅቱ ያልታከመ ከባድ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት (የወፍ በሽታ) እና ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። የአንጎል ጉዳቱ ራሱ አይባባስም፤ የጡንቻ ማጠር፣ የመገጣጠሚያ መኮማተርና የዳሌ መውለቅ ግን ክትትል ካልተደረገ ከዓመት ወደ ዓመት ይከፋሉ። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ሕክምና ዓላማ የተጎዳውን አንጎል መጠገን ሳይሆን፣ ሕፃኑ ባለው አቅም የዕለት ኑሮውን እንዲያከናውን ማብቃትና ተከታይ ችግሮችን መቀነስ ነው።

ጊዜ የማይሰጠው ሕክምና

የትልልቅ እንቅስቃሴዎች አቅም እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ምደባ መሠረት በአምስት ደረጃዎች ይከፈላል። በደረጃ አንድ ያለ ሕፃን ያለ ድጋፍ ይራመዳል፤ በደረጃ አምስት ያለው ራሱንና ወገቡን እንኳ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ኦንታርዮ በ657 ሕፃናት ላይ የታተመው ጥናት፣ በደረጃ አንድ ያሉት በመጨረሻ ከሚደርሱበት አቅም 90 በመቶውን በአምስት ዓመታቸው ገደማ፣ በደረጃ አምስት ያሉት ደግሞ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ እንደሚያገኙ አሳይቷል። «ሲያድግ ይተወዋል» ተብለው የሚመለሱ ወላጆች የሚያጡት እነዚህን ዓመታት ነው።

በዘጠኝ ወሩ መቀመጥ ያልቻለ፣ ወይም አንድ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ሕፃን መመርመር ይኖርበታል። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ልምምዱን ማዘግየት አያስፈልግም።

ሕፃኑ ራሱ ይሥራ

ቀደም ባሉት ዓመታት ሕክምናው ባለሙያው የሕፃኑን እጅና እግር በማንቀሳቀስ ላይ ያተኮረ ነበር። ዛሬ የተሻለ ማስረጃ ያለው፣ ሕፃኑ ራሱ ለአንድ ግልጽ ግብ የሚያደርገው ተደጋጋሚ ልምምድ ነው። መቆም የሚማረው በመቆም፣ መጉረስ የሚማረው በመጉረስ ነው። በእጅ የሚደረግ አጭር መሳሳብ ብቻውን መኮማተርን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። የጥንካሬ ልምምድ የጡንቻን ግትርነት ይጨምራል የሚለው የቀድሞ ስጋትም በጥናት አልተደገፈም።

ይህ ልምምድ በቤት ውስጥ ሊከናወን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውስትራሊያ በ36 ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት፣ በባለሙያ ምክር በወላጆች የተሠራ የስምንት ሳምንት የቤት ውስጥ ልምምድ ካለምንም ልምምድ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። ወላጆቹ ያሠሩት በአማካይ በወር 17 ጊዜ ገደማ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ16 ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ነበር። ይህ በሥራ የተጠመደች እናት ልትችለው የምትችለው መጠን ነው።

ለልምምዱ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በየቤቱ አለ። ራሱን መያዝ የሚለማመድ ሕፃን ደረቱ ሥር በተጠቀለለ ጋቢ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ከፊቱ የተቀመጠ ዕቃ እንዲያይና እንዲይዝ ይደረጋል። መቀመጥ የሚለማመደው በግድግዳ ማዕዘን ተደግፎ ይጫወታል። መቆም የጀመረው እግሩ መሬት ከሚነካበት በርጩማ ላይ እየተነሣ ከፍ ካለ መደብ ላይ አሻንጉሊት ያነሣል። ለመራመድ የሚሞክረው በባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ ጥንድ መደገፊያ መካከል ይሄዳል። እናቲቱ ከመርዳቷ በፊት ጥቂት መጠበቅ፣ ሕፃኑም እንዲሞክር ዕድል መስጠት ይኖርባታል።

ጥንቃቄና ክትትል

በደረጃ አራትና አምስት ላሉ ሕፃናት ግቡ መራመድ ብቻ መሆን የለበትም። ተደግፎ መቀመጥ፣ ያለ ትንታ መመገብ፣ ያለ ሕመም መተኛትና ፍላጎትን መግለጽ ለሕፃኑም ለቤተሰቡም ትልቅ ለውጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት በ323 ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት፣ የዳሌ መንሸራተት በደረጃ አንድ እንዳልታየና በደረጃ አምስት ግን 90 በመቶ እንደደረሰ አመልክቷል። በመጀመሪያ ላይ ሕመም ላይኖረው ስለሚችል ለእነዚህ ሕፃናት በየጊዜው የዳሌ ራጅ ማስነሣት ተገቢ ነው። ልምምድ ሕመም ሊያስከትል አይገባም፤ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር በኃይል መጎተት ለስብራትም ያጋልጣል። የሚጥል በሽታና የምግብ እጥረት ካሉም ጎን ለጎን መታከም አለባቸው።

በየጤና ተቋሙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባይኖርም፣ ሕፃኑን ያየ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይችላል፦ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ግብ መምረጥ፣ ወላጅዋ ልምምዱን በፊቱ ስታሠራ አይቶ ማረምና ግቡን በካርዱ ላይ መዝግቦ በቀጠሮው ቀን መመዘን። ለእናቲቱም ሁኔታው እርግማን ወይም የእርሷ ጥፋት አለመሆኑን መንገር የሕክምናው አካል ነው፤ ልጇን ከጓዳ አውጥታ ከእኩዮቹ ጋር እንዲጫወት የምታደርገው ይህን ስትረዳ ነውና።