ድምፅ ያልሰጠችው ሆሳዕና ምን አተረፈች?

የምርጫ ኮሮጆና የሱቅ ኪራይ የሚገናኙ አይመስሉም። ሆኖም በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ በአንዱ ከተማ ቢሮ ይከፈታል፣ በሌላው ይዘጋል፤ ነጋዴውም ቢሮውን ተከትሎ ያተርፋል ወይም ይከስራል።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ 98.5 በመቶ ያህሉ መራጭ ክልልነትን ደገፈ። ሐዋሳ የሲዳማ ርዕሰ ከተማ ብትሆንም የደቡብ ክልል ቢሮዎች እዚያው ቆዩ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታን፣ ጋሞንና ጌዴኦን ጨምሮ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሰጥተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ሀዲያና ከምባታ በዚህ ድምፅ አልነበሩበትም። ነገር ግን ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሀላባና ከየም ጋር የቀረው ክፍል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲሆን፣ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫነቱን አገኘች።

ለገበያው ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየወሩ የሚከፈለው ደመወዝ የቤት ኪራዩን፣ ምግብ ቤቱንና የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቁን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛ፣ ለጉዳይና ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ አልጋ ይይዛል። ሦስተኛ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የቢሮ ዕቃና የኅትመት ጨረታ በቅርብ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ደላላው "የክልል ከተማ ነው" እያለ ዋጋ ሲሰቅል ገዢው ቆም ብሎ ማስላት አለበት። ቢሮዎቹ በሙሉ ሆሳዕና አልገቡም፤ ዱራሜ፣ ወራቤ፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራና ሀላባ ቁሊቶም ተካፍለዋል። ስለዚህ ሐዋሳ ብቻዋን ትይዘው የነበረው ገበያ ተከፋፍሏል፤ የዱራሜ ነጋዴም ድርሻ አለው።

መቀመጫነትም ዘላቂ ዋስትና አይደለም። ሐዋሳ ቢሮዎቹን ይዛ የቆየችው ከሲዳማ ድምፅ በኋላ አራት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤትም በኅዳር 2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄ ማጽደቁ አይዘነጋም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የተቀበለው ጥያቄ በጽሑፍ ከቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል። ይህ ለነጋዴው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው።

የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ሌላም መሠረት አላቸው፤ ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ገንዘብ፣ ስንዴው፣ ቆጮውና ቅቤው። ቢሮ ሲነሳ ይህ አብሮ አይነሳም። እንግዲህ የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል የሚፈርም ሰው ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ቢሮ እንደመጣ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳለውና ያለበት ሕንፃ የራሱ ይሁን የኪራይ ነው። በኪራይ ቤት ያለ ቢሮ ለመነሳት አይቸገርም።