የመጨረሻው የመስኮብ ንጉሠ ነገሥትና የተሰወረው ሕመም

የቀድሞ ሰዎቻችን መስኮብ እያሉ ይጠሩት የነበረውን የሩስያን አገር ሦስት መቶ ዓመት ያህል የገዛው የሮማኖፍ ቤት በዳግማዊ ኒቆላዎስ ዘመን ወደቀ። ኒቆላዎስ የነገሡት በ1894 ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 ቍስለኞቻችንን ለማከም የመጡት የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን የተላኩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ስለዚህ ቤት አወዳደቅ ብዙ ተጽፏል። በጃንዋሪ 1905 አቤቱታ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት በሄደው ሕዝብ ላይ ወታደሮች መተኰሳቸው፥ የጦርነቱ እልቂት፥ የዳቦ እጦት፥ ንጉሡም ሥልጣናቸውን ማካፈል አለመውደዳቸው የታወቀ ነው። እኛ ግን ለዛሬው በጓዳ ውስጥ የነበረውን አንዱን ምክንያት እንመለከታለን።

ንጉሡና እቴጌ አሌክሳንድራ ኦልጋ፥ ታቲያና፥ ማርያና አናስታስያ የተባሉ አራት ሴቶች ልጆች ከወለዱ በኋላ፥ በኦገስት 1904 አልጋ ወራሹ አሌክሲ ተወለደ። ደስታቸው ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈየ፤ የሕፃኑ እትብት ይደማ ጀመር። ሕመሙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄሞፊልያ ነበር። ይህም በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች የሚተላለፍ ሲሆን፥ ለእቴጌይቱ ከአያታቸው ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶርያ የወረደ ነው። ሌላው ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ሲነሣ፥ ይህ ልጅ ከወደቀ ደሙ በመገጣጠሚያው ውስጥ እየፈሰሰ ቀንና ሌሊት ያስጮኸው ነበር።

ወላጆቹም ነገሩን ከሕዝብ ሰወሩ። በ1912 በፖላንድ ምድር በስፓላ ሳሉ ልጁ ለሞት ደርሶ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለ። ያን ጊዜ ራስፑቲን የተባለው የሳይቤሪያ ገበሬ ልጁ እንደማይሞት የሚያስታውቅ ቴሌግራም ላከ፤ ልጁም ተሻለው። ከዚህ በኋላ እናቲቱ በዚህ ሰው ላይ የሚነገረውን ሁሉ ለመስማት ጆሮ አልነበራቸውም። ሕዝቡ የልጁን ሕመም ቢያውቅ ኖሮ ባዘነላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ስላላወቀ ግን፥ ስሙ የጐደፈ ሰው በእቴጌይቱ ደጅ ለምን እንደሚመላለስ አሉባልታ መልስ ሰጠው። ንጉሡ በ1915 ጦሩን ራሳቸው ለማዘዝ ወደ ግንባር ሲሄዱም ሹም ሽሩ በራስፑቲን ምክር ነው ተባለ፤ ከፊሉም እውነት ነበር።

በማርች 1917 ኒቆላዎስ ዙፋኑን ለልጃቸው ሊለቁ ቈርጠው ሳለ፥ ሐኪሙን ፌዶሮፍን አስጠርተው ጠየቁ። ሐኪሙም ሕመሙ መድኃኒት እንደሌለው፥ ከዙፋን የወረደ አባትም ከልጁ ጋራ እንዲኖር የሚፈቀድለት እንደማይመስለው ነገራቸው። እርሳቸውም ከልጃቸው ላለመለየት ሲሉ በልጁም ስም ጭምር ለወንድማቸው ለሚካኤል ለቀቁ፤ ሚካኤልም በማግሥቱ አልተቀበሉም። አባት የልጁን የዙፋን መብት ሊለቅ አይችልም የሚሉ ሕግ ዐዋቂዎች አሉ፤ እኔም በሕግ ትክክል ነበር አልልም። ልጅ የታመመበት ወላጅ ግን አይፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲያ እስራት ነው፤ ከጻርስኮዬ ሴሎ ወደ ቶቦልስክ፥ በ1918 ደግሞ ወደ የካተሪንቡርግ። በዚያ በጁላይ 14 ቀን እሑድ ቄስ ስቶሮዤፍ ከአንድ ዲያቆን ጋራ ገብተው ጸሎት አደረሱ። አሌክሲ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ለሙታን ዕረፍትን የሚለምነው ጸሎት በንባብ ሊደርስ ሲገባው ዲያቆኑ በዜማ ጀመረ፤ ወዲያው ከኋላቸው ቤተ ሰቡ በሙሉ ተንበረከኩ። ቀድሞ አብረው ይዘምሩ የነበሩት በዚያ ቀን አንዳቸውም አልዘመሩም። ንባብ ባልታሰበ ጊዜ ወደ ዜማ ሲለወጥ ልብን ምን እንደሚያደርግ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

በጁላይ 17 ሌሊት ሰባቱም ከሐኪማቸው ከቦትኪንና ከሦስት አገልጋዮች ጋራ ወደ ምድር ቤት እንዲወርዱ ታዘዙ። አባትየው ልጁን ተሸክመው ወረዱ። ሁሉም በዚያው ተገደሉ።

የሩስያ ቤተ ክርስቲያን በ2000 ከቅዱሳን ቈጠረቻቸው፤ ይህም ስለ አገዛዛቸው ሳይሆን መከራንና ሞትን በትዕግሥት ስለ ተቀበሉ ነው። አጽማቸው በ1991 ከጫካ ወጥቶ በ1998 በሴንት ፒተርስቡርግ በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሲቀበር፥ የአሌክሲና የአንዲት እኅቱ አጽም አብሮ አልነበረም። እርሱ የተገኘው በ2007፥ አባቱ ከተጣሉበት ጕድጓድ 70 ሜትር ያህል ርቆ ነው።