«ልጄን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚያስቀር ወረቀት ይጻፉልኝ» ለምትሉ ወላጆች

ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም። አንድ ሀገር ስለ ተማሪዎች ስፖርት ሕዝቡን ድምፅ ያሰጠበትን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ሀገሩ ስዊዘርላንድ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩት ካንቶን የሚባሉት ክልሎች ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1874 ጂምናስቲክን በትምህርት ቤት ግዴታ አደረገ። ምክንያቱ ጤና እንዳይመስላችሁ፤ ለጦር ሠራዊት ነው። ግዴታውም ለወንዶች ብቻ ነበር። ሴቶቹስ? ወታደር ስለማይሆኑ ማንም አላሰባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1964 በኢንስብሩክ የክረምት ኦሎምፒክ ስዊዘርላንድ ያለ አንድ ሜዳልያ ተመለሰች። በበረዶ ሸርተቴ ለምትታወቅ ሀገር ይሄ ድንጋጤ ነው! ክርክሩ ከሜዳልያ አልፎ ወደ ወጣቶች ጤናና ብቃት ሄደ። የፌዴራሉ መንግሥት በስፖርት ላይ ሕግ እንዲያወጣ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ የሕዝብ ድምፅ ግድ ነው።

ድምፁ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1970 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1963፣ የመስቀል ዕለት ማለት ነው። ከአራት መራጮች ሦስቱ ያህል «አዎ» አሉ። በ1972 የወጣው ሕግ የትምህርት ቤት ስፖርትን ለሴቶችም ግዴታ አደረገ።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ያን ቀን የመረጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። የስዊስ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው። ስለ ሴት ልጆች ጤና የወሰኑት አባቶችና ወንድሞች ነበሩ፤ ደግነቱ ደህና ወሰኑ።

ይህን ያነሣሁት እኔም ጋ «ዶክተር፣ ልጄ ስፖርት እንዳትሠራ ወረቀት ይጻፉልኝ» የሚሉ ወላጆች ስለሚመጡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቅላት ሴት ልጅ ናት። በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት መሠረት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ሴት ልጆች 85 በመቶው፣ ከወንዶቹ 78 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም።

አጥንት በብዛት የሚገነባው በልጅነትና በጉርምስና ነው። ያኔ ያልተጠራቀመውን በኋላ ማካካስ ይከብዳል።

✔ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሩጫና ዝላይ ይኑርበት።
✔ የወር አበባ ስፖርት አይከለክልም። እንዲያውም ብዙዎችን ከቁርጠት ያሳርፋቸዋል።
✔ አስም ካለባት ሕክምናዋን በደንብ ትከታተል እንጂ ስፖርት አትተው። የምትስበው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን።
✔ ስፖርት ስትሠራ ራሷን ከሳተች ወይም ደረቷን ካመማት ግን አቁማ ቶሎ ሐኪም ትይ።

ለእውነተኛ ሕመም ወረቀቱን በደስታ እጽፋለሁ። «ላብ ያበላሻታል»፣ «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ለሚለው ግን አልጽፍም። እናንተም ለልጃችሁ ድምፅ ስትሰጡ «ትሩጥ» በሉ።

ለሌሎች ወላጆች ሼር አድርጉላቸው።