ደም ያጠራሉ ስለሚባሉ ዕፀዋትና ስለሚፈተኑበት መንገድ

በየአውራጃውና በየወረዳው ሕዝብ ለማስተዳደር የተሾሙ፥ ሰፊ እርሻም የያዙ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አለ። ይኸውም ነጋዴ መጥቶ «ይህ ቅጠል የደምን ስብ ያወርዳል፤ በውጭ አገር በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ ስለዚህ ገበሬው ከእህሉ መሬት ከፍሎ ይህን ይትከል» የሚል ነው። ነገሩ እውነት የሆነ እንደ ሆነ ለአገር ጥቅም ነው። ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ግን ገበሬው የአንድ ዓመት መሬቱንና ድካሙን ያጣል፤ የታመመውም ሰው የሐኪሙን መድኃኒት ትቶ በቅጠሉ ተማምኖ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዕፅ እንዴት እንደሚፈተን ሹማምንት ሁሉ ቢያውቁት የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ በውጭ አገር የተደረገውን ከዚህ በታች እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌስተሮል የሚባለው ጉበት የሚሠራው፥ ከምግብም የሚገኝ የስብ ዓይነት ነው። ሰውነት ያለ እርሱ አይኖርም። ነገር ግን ሐኪሞች ኤል ዲ ኤል ብለው የሚጠሩት ክፍሉ በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠብባል፤ ከዚህም የልብ ድካምና ስትሮክ የሚባለው በሽታ ይመጣል። በአንድ ደሲሊትር ደም ውስጥ ከ130 እስከ 190 ሚሊግራም የተገኘበት ሰው ከልክ ጥቂት ያለፈ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ራሱን አያመውም፤ አያስለውም፤ እንደ ልማዱ በቅሎውን ጭኖ ይሄዳል። በሽታው ስለማይሰማው የወሰደው መድኃኒት እንደ ሠራና እንዳልሠራም ከራሱ አካል ሊያውቅ አይችልም። ወባ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ያውቃል፤ የዚህኛው ግን ምስክሩ የደም ምርመራ ብቻ ነው። ሻጩ በልቡ የሚመካው በዚህ ነው።

አሁን በጠርሙስና በክኒን የሚሸጡት ብዙዎቹ ዕፀዋት አንቲኦክሲዳንት ናቸው እየተባለ ይነገራል። የቃሉን ትርጓሜ በቅቤ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ ቀን ቢቀመጥ አየሩ ገብቶበት ይበላሻል፥ ሽታውም ይለወጣል። በ1989 የአሜሪካ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም ዋናው ዳንኤል ስታይንበርግ፥ በደም ውስጥ ያለው ስብ እንዲሁ በኦክሲጅን ሲበላሽ የደም ሥርን ይበልጥ ይጎዳል ብለው ጻፉ። ሐሳቡ መልካም ሐሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰዎች መበላሸቱን የሚከለክል ነገር ሁሉ ልብን ያድናል ብለው ደመደሙ፤ ይህም ሳይፈተን የተነገረ ነበር።

ፈተናው በመጣ ጊዜ የሆነው ሌላ ነው። በፊንላንድ አገር 29,133 ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች ተቈጥረው፥ ገሚሶቹ በካሮት ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን የተባለውን ነገር ለዓመታት ወሰዱ። በ1994 ውጤቱ ሲገለጥ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በሳንባ ነቀርሳ የተያዙት ቍጥር ከመቶ 18 በልጦ ተገኘ። ይጠቅማል የተባለው ጎዳ ማለት ነው። በ2002 ደግሞ በእንግሊዝ 20,536 ሰዎች የተካፈሉበት ፈተና ቪታሚን ኢ፥ ቪታሚን ሲና ቤታ ካሮቲን ለአምስት ዓመት ቢወሰዱ ልብን ምንም እንዳልጠቀሙ አስረዳ። በዚያው ፈተና፥ በእነዚያው ሰዎች ላይ፥ ሲምቫስታቲን የተባለው የሐኪም መድኃኒት የልብና የደም ሥር አደጋን በሩብ ያህል ቀነሰ። ይህ የመድኃኒት ወገን ራሱ በመጀመሪያ የተገኘው ከሻጋታ ነው፤ በ1970ዎቹ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ብዙ ሺህ ሻጋታዎችን መርምሮ አገኘው። ይህን የምናነሣው ከተፈጥሮ የሚገኘውን ሁሉ የምንንቅ መስሎ እንዳይታይብን ነው።

ለእርሻ ሰዎች ይልቁንም የሚቀርበው የኩባ ደሴት ነገር ነው። የሸንኮራ አገዳ ያየ ሰው ሁሉ በአገዳው ቅርፊት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም እንዳለ ያውቃል፤ በእኛም አገር በወንጂ ከ1954 ጀምሮ ፋብሪካ ስለ ቆመ አገዳ እንግዳ አይደለም። በሀቫና ከተማ ያለው ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል ከዚህ ሰም ፖሊኮሳኖል የተባለ ነገር አወጣ። በቀን ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም ብቻ ቢወሰድ ኤል ዲ ኤልን ከመቶ 20 እና ከዚያ በላይ ያወርዳል፥ የደምንም ስብ ከመበላሸት ይጠብቃል ተብሎ ተጻፈ። ኩባ አብዛኛውን ስኳሯን ይገዛት የነበረው የሶቪየት መንግሥት በ1991 በመፍረሱ ገበያዋን ባጣችበት ጊዜ፥ ከአገዳው ላይ ከስኳር ሌላ እንዲህ ያለ የከበረ ዕቃ መገኘቱ ምን ያህል ተስፋ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። በብዙ አገርም ተሸጠ። የተጻፉትም ፈተናዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ከሰማንያ ይበልጡ ነበር።

ጕድለቱ አንድ ነበር። ከእነዚህ ጽሑፎች አብዛኞቹ ከአንድ ቤት፥ ይኸውም ዕቃውን ካወጣው ማዕከል የመጡ ነበሩ። በእኛ አገር በወሰን ክርክር ጊዜ ዳኛ የከሳሹን ወንድሞች ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ሰማንያ ወንድሞች ቢቈሙም ምስክርነታቸው የአንድ ቤት ምስክርነት ነው።

በኋላ በጀርመን አገር ያሉ ሐኪሞች ጉዳዩን በራሳቸው እጅ መረመሩት፤ ውጤቱም በግንቦት ወር 2006 ታተመ። ኤል ዲ ኤላቸው ቢያንስ 150 ሚሊግራም የሆነ 143 ሰዎች በዕጣ በአምስት ወገን ተከፈሉ። አራቱ ወገኖች ከኩባ አገዳ የተገኘውን ፖሊኮሳኖል በቀን 10፥ 20፥ 40 ወይም 80 ሚሊግራም ተቀበሉ፤ አምስተኛው ግን መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠው። ከ12 ሳምንት በኋላ ደማቸው ሲመረመር በአንዱም ወገን ኤል ዲ ኤል ከመቶ አሥር እንኳ አልወረደም፤ 80 ሚሊግራም የወሰዱትም ባዶውን ክኒን ከወሰዱት አልተለዩም። ዕፁ የኩባው ራሱ ስለ ሆነ «የእናንተ አገዳ ሌላ ነው» የሚል መልስ አልቀረም። በሌሎችም አገሮች የተደረጉት ፈተናዎች ይህንኑ አጸኑ።

ባዶው ክኒን ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደሙ ከፍ ብሏል ከተባለ በኋላ ቅቤውን ይቀንሳል፥ ጾሙን ያጠብቃል፥ በእግሩም ይሄዳል፤ ስቡም ጥቂት ይወርዳል። ደግሞም የደም መጠን ራሱ ከቀን ቀን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ባለበት ቀን የተመረመረ ሰው ሁለተኛ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ምንም ሳይወስድ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ ሁሉ ለክኒኑ ምስጋና ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ ሰዎቹም በምርጫ ሳይሆን በዕጣ መከፈል አለባቸው፤ ማን የትኛውን እንደ ወሰደም ሕመምተኛውም ሐኪሙም ማወቅ የለባቸውም።

ይህን ለማድረግ ምን ያህል እንደሚደከም ከነጭ ሽንኩርት ፈተና ይታያል። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤል ዲ ኤላቸው ከ130 እስከ 190 የሆነ 192 ሰዎች ተመረጡ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሽታው ስለሚያሳብቅ፥ ፈታኞቹ በዳቦ መካከል ከሌላ ምግብ ጋር እየደበቁ በሳምንት ስድስት ቀን ለስድስት ወር አበሉአቸው፤ ሌሎቹ በክኒን የተዘጋጀውን ወይም ባዶውን ወሰዱ። በ2007 እንደ ተገለጠው ጥሬውም ክኒኑም ስቡን አላወረደም። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ከሆነ ግን ማንም ምስክር አይጠይቀውም።

በ2022 ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ 190 ሰዎች ለ28 ቀን ተፈትነው፥ ሮዙቫስታቲን የተባለው መድኃኒት በትንሹ መጠን፥ በ5 ሚሊግራም፥ ኤል ዲ ኤልን ከመቶ 37.9 ሲያወርድ፥ ከዕፀዋት የተዘጋጁት የእርድ፥ የቀረፋና የነጭ ሽንኩርት ክኒኖች ግን ከባዶው ክኒን ይበልጥ አላወረዱትም።

ፈተናውን ያለፈም አለ። በፊንላንድ በሰሜን ካሬሊያ 153 ኮሌስተሮላቸው ጥቂት ከፍ ያለ ሰዎች ከዕፅ ስብ የወጣ ስታኖል የተጨመረበት የዳቦ ቅቤ አንድ ዓመት በልተው፥ ኤል ዲ ኤላቸው ከመቶ 14 ያህል እንደ ወረደ በ1995 ታተመ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ገብስ ነው። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የተባለ በውኃ የሚያሟልጭ ቃጫ አለ፤ ከገብሱ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አራት እስከ ስድስት ይሆናል። በቀን 3 ግራም ቢበላ ኤል ዲ ኤልን በመጠኑ፥ ከመቶ አምስት ያህል፥ ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ይህን በ1997 ለአጃ፥ በ2006 ደግሞ ለገብስ እንዲነገር ፈቅዷል። በሶና የገብስ ቂጣ የሚበላ ደገኛ ያለ ጠርሙስ የሚያገኘው ነው፤ ይሁን እንጂ ትንሽ ቅናሽ ነውና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አያስተውም።

ስለ ሽፈራው ብዙ ስለሚጠየቅ ጥቂት እንበል። በኮንሶና በአካባቢው ቅጠሉ ከጥንት ጀምሮ የሕዝብ ምግብ ነው፤ ድርቅ ይችላል፤ ለምግብ መተከሉ የሚያስመሰግን ነው። አሁን ግን ዱቄቱ ለደም ስብ መድኃኒት ነው እየተባለ ሲሸጥ፥ ሻጮቹ የሚያሳዩት ወረቀት ብዙ ጊዜ ስለ ሕንዱ ሽፈራው የተጻፈ ነው። የሕንዱና የኮንሶው ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ ዓይነት ዛፍ አይደሉም፤ ለአንዱ የተጻፈ ለሌላው አይሆንም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ነጋዴ፥ ገበሬ ከመሰብሰቡና የውል ወረቀት ከመፈረሙ አስቀድሞ፥ ፈተናው በየትኛው ዕፅ ላይ እንደ ተደረገ፥ ስንት ሰው ስንት ወር እንደ ወሰደው፥ ባዶ ክኒን የተሰጠው ወገን መኖር አለመኖሩን፥ ከሻጩም ሌላ ማን እንደ ፈተነው በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ ይገባል። ወረቀቱም በቅርብ ላለው የጤና ሹም ይመራ። ነጋዴው መልስ ሳያመጣ የዘር ጊዜ ከደረሰ ግን መሬቱ እህሉን ይዘራበት።