ቤተሰብ ሲዛወር የትምህርት ቤት አመራረጥ፦ በቢቸናና በሞጣ

ከቢቸና ወደ ሞጣ ወይም ከሞጣ ወደ ቢቸና በሥራ የሚዛወር የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚፈልገው የኪራይ ቤት ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ለቤቱ በመቅረቡ ብቻ ይመረጣል። የምሥራቅ ጎጃም የአብነት ትምህርት ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ተማሪው ከአገር አገር የሚዘዋወረው መምህር ፍለጋ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አቅራቢያ በምትገኘው በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት በዚሁ ልማድ ነበር።

ዛሬም ወላጅ ከሕንፃው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ መምህራኑ ነው፤ በተለይም የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን የተሟሉ መሆናቸውን ማወቅ ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ፣ የተመረጠው ትምህርት ቤት ማስተማሩንም ማረጋገጥ ግዴታ ሆኗል።

ሁለተኛው ጉዳይ ወቅቱ ነው። በ9ኛ ክፍል የመማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ዓመት አጋማሽ የሚዛወር ልጅ የቋንቋ ጫናና አዲስ መምህር በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል። በ12ኛ ክፍል የሚጠብቀውም ፈተና ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ስለሆነም የዝውውር ትእዛዝ በክረምት ቢሰጥ፣ የተማሪው መሸኛም ከውጤቱ ጋር ከምዝገባ በፊት ቢደርስ፣ የወላጅ ዝውውር የልጅ ትምህርት ማቋረጫ አይሆንም።