የመሣሪያ እጀታን በተልባ ዘይት ስለ መጠበቅ

የዶማና የመጥረቢያ እጀታ በዝናብ ያብጣል፤ በፀሐይ ይሰነጠቃል። የላላ መጥረቢያ ደግሞ ከእጀታው ወልቆ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ እጀታ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ወደ አራዳ ወጥቶ ቫርኒሽ ገዝቶ የሚመለስ ገበሬ ይኖራል። ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ እንደ ቆዳ ይጋገራል፤ ብዙ ሲሠሩበት እጅ ውኃ ያቋጥራል፤ ሲላጥም ዝናብ ያስገባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አይደርቅም፤ ለሰውነት ቆዳም ጎጂ ነው። የሚሻለው የተልባ ዘይት ነው፤ ወደ እንጨቱ ሰርጎ በአየር ይጠነክራልና።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ እጀታው በደንብ ይድረቅ፤ አሮጌው ቀለም በጠርሙስ ስባሪ በጥንቃቄ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ።

2ኛ/ ዘይቱን በጨርቅ በስሱ ቀቡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ጥረጉ። ትርፉ ከቀረ እጅ ላይ ይጣበቃል።

3ኛ/ አየር በሚያገኝ ጥላ ለጥቂት ቀናት ይሰንብት፤ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ ይደገም።

ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል። ስለሆነም ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። አሮጌ የእንጨት ቤት እሳት ሲይዘው ምን እንደሚደርስበት በጥር 2007 ዓ.ም. በፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ታይቷል። ጨርቁን ከቤትና ከጎተራ ርቃችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያም በውኃ ንከሩት።